ነፋስ የጠጣው ቤንዚን

አንድ የአዲስ አበባ ሹፌር አስቁማችሁ “መኪና ነዳጅ የሚያስበላው ምንድን ነው?” ብላችሁ ብትጠይቁት መልሱ አይዘገይም። “ጭነት ነዋ!” ይላችኋል። ሁለተኛውም ሦስተኛውም እንደዚያው ነው የሚላችሁ። ሰው ሲበዛ ታክሲው ያቃስታል፣ ሲያቃስት ይጠጣል። አለቀ።

መልሱ ለሜክሲኮና ለመርካቶ ትክክል ነው። በረጅሙ አውራ ጎዳና ላይ ግን ሌላ በላተኛ አለ። አይታይም፣ አይመዘንም፣ ሚዛን ጣቢያም አይያዝም። የዛሬው ጨዋታዬ ስለዚህ በላተኛ ነው። የተዋወቅነው ደግሞ አሜሪካ ውስጥ፣ ፒክአፕ መኪና ኋላ ታስሮ በሚጎተት ቤት ምክንያት ነው።

አሜሪካኖች ካምፐር የሚሉት ነገር አላቸው። ተሳቢ ነው፤ ግን እህል ወይም ሲሚንቶ የሚጫንበት ተሳቢ አይደለም። ውስጡ አልጋ አለው፣ ምድጃ አለው፣ ፍሪጅ አለው፣ ሽንት ቤት ሳይቀር አለው። ቤተሰቡ ፒክአፑ ላይ ያስረውና ጎጆውን እየጎተተ አገር ለአገር ይዞራል። ቀንድ አውጣ በሉት።

የምኖረው ኮሎራዶ፣ ኦሮራ ከተማ፣ የእናቴ ወንድም ቤት ነው። ጋሼ እያልኩ ነው የምጠራው። ጋሼ ወጣትነቱን የጨረሰው በአሰብ መንገድ ላይ ነው። ኤንትሬውን ከነተሳቢው እየነዳ፣ ሚሌን፣ ሎጊያን፣ ቡሬን እየቆጠረ፣ ጦርነቱ በ1990 መንገዱን እስኪዘጋው ድረስ። አሁን ሌሊት ሌሊት የአየር መንገድ ተሳፋሪዎችን ከመኪና ማቆሚያ ወደ ተርሚናል የሚያመላልስ አውቶቡስ ይነዳል። በሰዓት 21 ዶላር። ቅዳሜና እሁድ ደግሞ በፒክአፑ፣ በአሮጌው ፎርድ ኤፍ 150፣ ቤት ለሚቀይር ሰው ዕቃ ያመላልሳል። በ11 ዓመት ውስጥ አንድም ቀን “እረፍት ወጣሁ” ሲል የሰማው የለም።

ባለፈው የሐምሌ ወር ግን አምስት ቀን ፈቃድ ጠየቀ። ምክንያቱ ልጁ ናት። መስከረም ላይ ሌላ ስቴት ኮሌጅ ልትገባ ነው። “ከመሄዷ በፊት አንድ ነገር አብረን እንይ” አለ። የሥራ ባልደረባው ካምፐሩን አዋሰው፤ እኔ፣ እሱ፣ ባለቤቱና ልጁ ሆነን ዬሎውስቶን ወደሚባለው ፓርክ ተነሣን። በመሬት የሚፈላ ውሃ የሚታይበት ቦታ ነው። “ፍልውሃ ለማየት 850 ኪሎ ሜትር!” ብላ እትዬ ሳቀች። ከአምስቱ ቀን ሁለቱ መንገድ ላይ ማለቃቸው ነው።

አሁን ወደ ሒሳቡ ልውሰዳችሁ። ጋሼ መኪናውን እንደ እጁ መዳፍ ያውቃታል። ባዶዋን በጋሎን 20 ማይል ትሄዳለች፤ በእኛ ሲቆጠር በሊትር 8 ኪሎ ሜትር ተኩል ገደማ መሆኑ ነው። የዚያን ሰሞን ቤንዚን በጋሎን 3 ዶላር ከ10 ሳንቲም ነበር። ደርሶ መልሱ ከነመዘዋወሩ 1,100 ማይል። ስለዚህ 170 ዶላር ለነዳጅ መደበ፤ ለተሳቢው ደግሞ ትንሽ ጨመረበት።

ቼየን የምትባለው የዋዮሚንግ ከተማ ደርሰን ስንቀዳ በ105 ማይል መንገድ 12 ጋሎን ሄዷል። በጋሎን 9 ማይል እንኳን አልሞላም። ጋሼ ገንዘቡን ከመክፈሉ በፊት ወርዶ መኪናው ሥር ገባ። ታንኩ የሚፈስ መስሎት ነው። ደረቅ ነበር።

እኔ ደብተሬን አወጣሁ። የተማርኩበት ሙያ ያተረፈልኝ አንድ ልማድ ቢኖር ቁጥር ስሰማ መጻፍ ነው። በዚህ አያያዝ መንገዱ በሙሉ 390 ዶላር ይፈጃል። ከባዶው መኪና ሒሳብ ጋር ያለው ልዩነት 220 ዶላር። ይህ ቁጥር ለሌላ ሰው ቁጥር ነው፤ ለእኛ ቤት ግን ለአያቴ በየወሩ የሚላከው ገንዘብ ነው። እትዬ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ “ጣሳ ስኳርና መድኃኒቷን ነው እየቀዳን ያለነው” አለች። ሁላችንም ሰማናት።

የጋሼ የመጀመሪያ እርምጃ የከባድ መኪና ሹፌር እርምጃ ነበር፤ ጭነት መቀነስ። የካምፐሩን የውሃ ታንክ አፈሰሰ። 150 ሊትር፣ ማለትም 150 ኪሎ ወረደ። እኔ ደግሞ አስቡት አልኩ፦ ፒክአፑ፣ ተሳቢውና እኛ አንድ ላይ 5 ቶን ገደማ ነን። 150 ኪሎ ከዚያ ውስጥ 3 በመቶ ነው። ዳገት ላይ ይረዳል፣ ከቆሙበት ሲነሡ ይረዳል። ሜዳ ላይ፣ በአንድ ፍጥነት ለሚሄድ መኪና ግን ክብደት የሚያስከፍለው በጎማው በኩል ብቻ ነው። እሱም ከባድ ዋጋ አይደለም።

ታዲያ ቤንዚኑን ማን ጠጣው? ነፋስ።

ካምፐር ማለት ወርዱ 2 ሜትር ተኩል፣ ቁመቱ ከመሬት 3 ሜትር የሆነ ግድግዳ ነው። ይህን ግድግዳ አየር ውስጥ እየገፋችሁ ነው የምትሄዱት። ፊቱ አየሩን ይገፋል፤ ጀርባው ደግሞ የተቆረጠ ስለሆነ ከኋላው የሚቀረው ባዶ ቦታ ወደ ኋላ ይጎትተዋል። ዋናው ነገር የሚመጣው ከዚህ በኋላ ነው፦ የአየሩ ጉልበት ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን እሱ አራት እጥፍ ይሆናል። በሰዓት ከ55 ማይል ወደ 65 ማይል ብትጨምሩ ፍጥነታችሁ ያደገው 18 በመቶ ነው። የሚገፋችሁ አየር ግን 40 በመቶ ያህል አድጓል።

በዚያ ላይ ዋዮሚንግ ነፋሷ ሲበረታ ቀላል ተሳቢ እንዳያልፍ መንገድ የምትዘጋ ስቴት ናት። ፊት ለፊት 20 ማይል የሚነፍስ ነፋስ ካለ፣ የፍጥነት መለኪያችሁ 55 ቢልም ግድግዳው የሚሰማው 75 ነው። ጫናው ከፀጥታው ቀን ጋር ሲወዳደር በእጥፍ ሊሆን ትንሽ ነው የሚቀረው። ያኔ ያለው መድኃኒት ሁለት ነው፦ መቀነስ፣ ወይም ቆሞ ሻይ መጠጣት።

ይህን ሁሉ በመንገድ ላይ ለጋሼ ስነግረው አልተከራከረኝም። ያለኝ አንድ ቃል ነው። “ጊዜ የለንም።” እውነቱን ነው። አምስት ቀን ያለው ሰው “ቀስ ብለህ ሂድ” ሲባል ከእረፍቱ ላይ ቁረጥ የተባለ ያህል ነው የሚሰማው። 11 ዓመት ጠብቆ ያገኘውን ጊዜ በመሪ ላይ እንዲጨርሰው መምከር ቀላል አይደለም። እኔም ዝም አልኩ። ከቼየን እስከ ካስፐር ያለውን 178 ማይል በ65 ሄድን። 20 ጋሎን። ጻፍኩት።

ዬሎውስቶን ስለነበርንባቸው ቀናት ሌላ ጊዜ እጽፋለሁ። ለዛሬው የሚያስፈልገን የመጨረሻው ማታ ነው። ጋሼ ከእሳቱ አጠገብ ተቀምጦ ሳለ ደብተሬን ይዤ ቀረብኩ። “ጋሼ፣ ነገ ስንመለስ ከካስፐር እስከ ቼየን በ55 እንሂድ። የሚጨምርብን ግማሽ ሰዓት ነው።” አየኝ። “ለምን ያህል?” አለኝ። “ነገ አነግርሃለሁ” አልኩት።

መንገዱን የመረጥኩት በምክንያት ነው። በአብዛኛው ከሰሜን ወደ ደቡብ የሚሄድ ስለሆነ የምዕራቡ ነፋስ በደርሶ መልሱ በአብዛኛው ከጎን ነው የሚመታው። ቼየን ደግሞ ከካስፐር 280 ሜትር ያህል ከፍ ያለች ከተማ ናት፤ ስለዚህ መመለሻው በድምሩ ዳገት ነው። ቀስ ማለታችን ካተረፈ ዳገት ላይ ሆኖ ነው የሚያተርፈው። በቀኝ መስመር፣ ከባድ መኪኖቹ እያለፉን ሄድን።

ቼየን ቀዳን። 16 ጋሎን ተኩል።

እዚያው ማደያው ላይ ሒሳቡን ሠራሁለት። 3 ጋሎን ተኩል ተረፈ፤ 11 ዶላር ገደማ። የጨመርነው ጊዜ 30 ደቂቃ። ግማሽ ሰዓት 11 ዶላር ካስገኘ አንድ ሰዓት 22 ዶላር ያስገኛል። “ጋሼ፣ ቀስ ብለህ መንዳትህ ከአየር ማረፊያው ሥራ የተሻለ ይከፍልሃል” አልኩት። “ታክስም የለውም።” ደብተሩን ተቀብሎ ቁጥሮቹን አንድ በአንድ አየ። “ይሄ ሌሊት የማይገባበት ሥራ ነው” አለና ሳቀ።

ደብተሬ ላይ ያልሰፈረው ግን ሌላ ነው። በዚያ መንገድ ላይ ስልክ የማይሠራባቸው ረጃጅም ሜዳዎች አሉ። ልጁ ከፊት፣ ከአባቷ አጠገብ ተቀምጣ ነበር፤ ስልኩ እምቢ ሲላት “አሰብ ምን ይመስል ነበር?” ብላ ጠየቀችው። ሕይወቷን በሙሉ ሌሊት ሥራ የሚሄድና ቀን የሚተኛ አባት ነው የምታውቀው። እሱም መናገር ጀመረ። ስለ ሙቀቱ፣ ስለ ረዳቱ፣ ሎጊያ ላይ ስለሚጠጡት ሻይ። በ65 ብንሄድ ኖሮ ያ ወሬ ግማሽ ሰዓት ያጥር ነበር።

እግረ መንገዴን ስለ ፎሌ አንድ ነገር ላንሣ። አገር ቤት “ቁልቁለት ላይ ማርሹን ፎሌ ስታደርገው ነዳጅ ትቆጥባለህ” የሚሉ ሹፌሮች አሁንም አሉ። ዛሬ የሚነዱት መኪኖች ላይ ይህ አይሠራም። ኮምፒዩተር ያለው ሞተር ማርሽ ውስጥ ሆኖ እግራችሁን ከነዳጅ መስጫው ስታነሡ የሚገባውን ነዳጅ ጭራሽ ይዘጋዋል፤ ሞተሩን የሚያሽከረክረው ጎማው ነው። ፎሌ ስታስገቡት ግን ሞተሩ እንዳይጠፋ ነዳጅ መጠጣት ይጀምራል። ተሳቢ ላለው ሰው ደግሞ ነገሩ የነዳጅ ጉዳይ አይደለም፤ 5 ቶን በፍሬን ብቻ ይዞ ቁልቁል መውረድ ነው። ጋሼን “አንተስ ታደርገው ነበር?” አልኩት። “ያደርጉት የነበሩትን አውቃቸዋለሁ፤ ብዙዎቹ የሉም” አለኝ።

የፍጥነትና የነዳጅ ጉዳይ የአንድ ቤተሰብ ሒሳብ ብቻ እንዳይመስላችሁ። የዓረብ አገሮች ነዳጅ ባቀቡበት በዚያ ክፉ ዘመን፣ በጥር 1974 እ.ኤ.አ.፣ ፕሬዚዳንት ኒክሰን በመላው አሜሪካ ከሰዓት 55 ማይል በላይ እንዳይነዳ የሚያደርግ ሕግ ፈርመው ነበር። ሕጉ እስከ 1995 እ.ኤ.አ. ድረስ መልኩን እየቀያየረ ቆየ። ያው ቀውስ በሚቀጥለው ወር፣ በየካቲት 1966፣ አዲስ አበባ ገባ። የቤንዚን ዋጋ ተጨመረ፣ የታክሲ ሹፌሮች ሥራ አቆሙ፣ መንግሥት ዋጋውን መልሶ ለመቀነስ ተገደደ። ከዚያ በኋላ የመጣውን ሁላችንም እናውቀዋለን። አንዱ አገር ለነዳጅ ሲል እግሩን ከመርገጫው አነሣ፤ በሌላው አገር ዙፋን ተነቃነቀ።

“እኛ ካምፐር የት አለን?” እንደምትሉ አውቃለሁ። ግድግዳ ግን አላችሁ። ለበዓል ክፍለ ሀገር ስትሄዱ ፖርቶ መጋላው ላይ የምትከምሩት ሻንጣና ፍራሽ ግድግዳ ነው። የአሜሪካ መንግሥት የነዳጅ ቁጠባ መረጃ እንደሚለው ጣሪያ ላይ የሚጫን ትልቅ ሣጥን በፈጣን መንገድ ላይ ከ10 እስከ 25 በመቶ ነዳጅ ያስበላል፤ ከተማ ውስጥ ግን ከ2 እስከ 8 በመቶ ብቻ። ዕቃው ኋላ ከገባ ክብደቱ ያው ነው፣ ነፋሱ ግን አያገኘውም። የኤሌክትሪክ መኪና የያዛችሁም አላመለጣችሁም። በ2016 መንግሥት በነዳጅ የሚሠሩ የቤት አውቶሞቢሎች እንዳይገቡ ከከለከለ ወዲህ ብዛታችሁ ጨምሯል፤ ባትሪያችሁ አዳማ ሳይደርስ ሲወርድ ፋብሪካውን ከመርገማችሁ በፊት የፍጥነት መለኪያውን እዩት። አሜሪካ ውስጥ የኤሌክትሪክ ፒክአፖች ካምፐር ሲጎትቱ የሚሄዱት ርቀት ወደ ግማሽ ነው የሚወርደው። ነፋስ ቤንዚን አይመርጥም።

ሥራው ቀላል ነው። በሚቀጥለው ረጅም መንገድ ታንኩን ሙሉ፣ ኪሎ ሜትሩን ጻፉ፣ ሲሄዱ እንደ ልማዳችሁ ንዱ። ሲመለሱ በሰዓት 15 ኪሎ ሜትር ቀንሱና እንደገና ጻፉ። የተረፈውን ብር በጨመረው ሰዓት አካፍሉት። ከደመወዛችሁ ጋር አስተያዩትና የወጣውን ቁጥር ላኩልኝ፤ እሰበስበዋለሁ።