ሦስት ቀን በቡና ጫካ

ውድ አንባቢ ሆይ፥ ከኮሌጅ አብሮዎት የወጣ ባልንጀራ ሩቅ አገር ሲመደብ የአዲስ አበባ ሰው ምን እንደሚል ሳያውቁት አይቀሩም። «ምስኪን፥ ተጣለ!» ይባላል። ሌላው ራሱን ነቅንቆ «ዘመድ ቢኖረው ኖሮ» ይላል። የእኔም ባልንጀራ የእርሻ ትምህርቱን ጨርሶ ወደ ከፋ፥ ወደ ቦንጋ በሄደ ጊዜ የተባለለት ይኸው ነበር። ይህ ከሆነ ሁለት ዓመት አልፏል። ዘንድሮ በየካቲት፥ የመንፈቁ ፈተና አልቆ ትምህርት ቤት በተዘጋበት ሳምንት ልጠይቀው ስነሣ፥ እናቱ አንድ ኪሎ በርበሬና አንድ መልእክት አስያዙኝ። «እባክህ ልጄ፥ ዝውውር ጠይቆ ይምጣልኝ በለው፤ እኔ እንደሆነ እያረጀሁ ነው» አሉኝ።

ከአዲስ አበባ እስከ ጅማ 350 ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ከጅማ ቦንጋ ደግሞ ከ100 ጥቂት ይበልጣል። ስለ አውቶቡሱ ብዙ አልልም። የጎጀብን ወንዝ ተሻግረው ዳገቱን ሲያያዙት ግን መስኮቱን ይክፈቱ፤ እርጥብ ቅጠልና የእንጨት ጢስ የተቀላቀለበት ነፋስ ይቀበልዎታል። ቦንጋ ከምድር ወገብ ወደ ሰሜን 7 ዲግሪ ያህል ብቻ ብትርቅም 1,700 ሜትር ገደማ ከፍታ ላይ ስለ ተቀመጠች ፀሐይዋ አታቃጥልም፤ ዝናቧ ግን የሐሩር አገር ዝናብ ነው።

እንደ ደረስኩ በርበሬውንም መልእክቱንም አስረከብኩ። ባልንጀራዬ ዝም ብሎ ሰማኝና «ነገ ጫካ እንገባለን፤ ቦት ጫማ አለህ?» አለኝ። ለእናት መልእክት እንዲህ ያለ መልስ ሲሰጥ ሰምቼ አላውቅም!

ጫካው ውስጥ ሲገቡ መጀመሪያ የሚጠፋው ሰማዩ ነው። ከላይ ቀረሮው ይዘረጋል፤ ከበታቹ ዋንዛውና ብሳናው፤ ሐረጉ ከአንዱ ወደ ሌላው ይጠመጠማል። ቡናው ከሁሉም በታች፥ በጥላው ውስጥ ነው። የጓሮ ቡና ብቻ ያየ ሰው አይለየውም፤ ቀጭንና ረጅም ነው፥ ብርሃን ፍለጋ አንገቱን ያሰገገ ይመስላል፤ ፍሬውም ጥቂት ነው። ዕድለኛ ሆኜ ከሳምንት በፊት ዝናብ ጥሎ ነበርና አበባውን አገኘሁት። ቡና በድርቁ ወራት እንቡጡን ይዞ ይቆያል፤ ዝናብ ሲያገኝ ሁሉም በአንድነት ይፈነዳል፤ ነጩም አበባ በጥቂት ቀን ውስጥ ይረግፋል። ሽታው ጠምበለልን ይመስላል።

ጉሬዛዎቹ ከላያችን እየዘለሉ ያልፉ ነበር። አውራ ጣት የላቸውም፤ ቅርንጫፉን የሚይዙት በአራቱ ጣቶቻቸው እንደ መንጠቆ ነው። በዚያው ጫካ ቀፎ የሰቀሉና ኮረሪማ የሚለቅሙ አንድ ሽማግሌ አገኘን። ባልንጀራዬ በካፊ ኖኖ ሲያወራቸው ስሰማ ቀናሁበት፤ በሁለት ዓመት ውስጥ ቋንቋውን እንዲህ አድርጎ ይዞታል። ሽማግሌው በእርሱ በኩል አንድ ጥያቄ ብቻ ጠየቁኝ፤ አዲስ አበባ ሆቴል ቤት አንድ ስኒ ቡና ስንት ነው? ዋጋውን ስነግራቸው እስኪያስላቸው ድረስ ሳቁ። እኔ ግን መሳቅ አልቻልኩም።

ከዚያ ግንድ ላይ ተቀምጠን ባልንጀራዬ ያጫወተኝን ልንገርዎት። በላቲን አሜሪካ የሚበቅለው የአረቢካ ቡና አብዛኛው ከየመን ከወጡ ጥቂት ተክሎች የተራባ ስለሆነ ዘሩ እርስ በርሱ እጅግ ይመሳሰላል፤ አንድ በሽታ ከገባበት መመለሻ የለውም። እ.ኤ.አ. በ1971 የቡናን ፍሬ እያጠቆረ የሚያረግፍ በሽታ ወደ አገራችን ገብቶ ነበር። የጅማ ተመራማሪዎች መድኃኒቱን ያገኙት ከሩቅ አይደለም፤ በደቡብ ምዕራብ ከሚገኘው ቡና መካከል በሽታው ያልነካቸውን ዛፎች መርጠው ዘራቸውን አራቡ። ዛሬ ገበሬው 74110፥ 74112 እያለ በቁጥር የሚጠራቸው ዘሮች የዚያ ሥራ ፍሬ ናቸው፤ 74 የተመረጡበት ዓመት ነው። ዩኔስኮም እ.ኤ.አ. በ2010 ከፋን፥ ከ700 ሺህ ሄክታር በላይ የሚሆነውን ምድር፥ በባዮስፌር መዝገቡ አስፍሮታል። መዝገብ ግን መጥረቢያ አይዝም፤ ጫካው በየዳርቻው እየተነጨ መሆኑን በዓይኔ አይቻለሁ።

በመጨረሻው ማታ ባልንጀራዬ ሳይጠየቅ ከመሳቢያው አንድ ወረቀት አወጣ። የዝውውር ማመልከቻ ነው፤ ተሞልቷል፥ ተፈርሟል፥ ቀን ግን የለበትም።

«አምና ክረምት መብራት ለዐሥር ቀን ጠፍቶ ሳለ የጻፍኩት ነው» አለኝ። «በዝናቡ ተዘግቼ፥ የማነጋግረው ሰው አጥቼ። በማግሥቱ ልሰጠው ስል ችግኞቹ ትዝ አሉኝ። እኔ ከጫካው ዘር ለቅሜ ያፈላኋቸው ናቸው፤ ፍሬ እስኪሰጡ ገና ሁለት ዓመት ይቀራቸዋል። ማን እያየ ይመዘግብልኛል?»

«እናትህስ?»

«እርሷን አታንሣብኝ» ብሎ ወደ ኩራዙ ዞረ።

አንባቢ ሆይ፥ ፍርዱን ለእርስዎ እተዋለሁ፤ እኔ ለእናቱም ለእርሱም ፈርጄ ተቸግሬአለሁ። «ተጣለ» ለሚሉት ግን ወረቀቱን ባሳየኋቸው ደስ ባለኝ።

ሲነጋ መናኸሪያ ሸኘኝ፤ አንድ ጀሪካን ነጭ ማርና አንድ ዛላ ኮረሪማ በእግሬ ሥር አስቀመጠ። አውቶቡሱ ሲነሣ በመስኮት ተጠግቶ፥ «መጀመሪያ ማሩን ስጣት፤ ወሬውን በኋላ!» አለኝ።