ያልደረስኩት ለቅሶ

በሰፈራችን ዕድር ደንብ ለቅሶ ያልደረሰ አባል ሃምሳ ብር ይቀጣል። ሃያ ስምንት ዓመት አባል ሆኜ ስኖር ይህን ቅጣት የከፈልኩት አንድ ጊዜ ብቻ ነው። ታምሜ አልነበረም። አገር ውስጥ አልነበርኩም ብዬም አላመካኝም። ለቅሶ ቤቱ ከደጃፌ አርባ እርምጃ ቢርቅ ነው። እኔ ግን ቤቴ ቁጭ ብዬ ዋልኩ። ለቅሶው የአበልጄ ነበር።

አበልጄ የመቀሌ ልጅ ነው። በሙያው ወርቅ ሠሪ ሲሆን ፒያሳ ውስጥ በአንዲት ጠባብ ሱቅ ሲሠራ ኖሯል። እኔ ጡረታ የወጣሁ መምህር ነኝ። ወንዱን ልጄን በአርባ ቀኑ ክርስትና ያነሳልኝ እሱ ነው። ባለቤቱና ባለቤቴ ቡና የሚያፈሉት በተራ ነበር፤ ዛሬ እኛ ቤት ከሆነ ነገ እነሱ ቤት ነው። ለዓመት በዓል ወይም ለዘመድ ጥየቃ ወደ አገሩ ሲሄድ የቤቱን ቁልፍ የሚሰጠው ለእኛ ነበር። ለማን ይስጥ? ብሔሩን አውቅ ነበር፣ የእኔንም ያውቅ ነበር። ግን ስለዚህ ነገር ቁም ነገር ብለን አውርተን አናውቅም።

ከዚያ ጥቅምት 24 ቀን 2013 ዓ.ም. መጣ። ጦርነቱ እንደተጀመረ ወደ ትግራይ ስልክ ተቋረጠ፣ በረራ ቆመ፣ ባንክ ተዘጋ። አበልጄ እናቱን ማግኘት አልቻለም። እናቱ የስኳር በሽተኛ ነበሩ። በመጀመሪያዎቹ ሳምንታት ጠዋት ጠዋት ስንገናኝ «ምን ሰማህ?» እለው ነበር። እሱም «ምንም» ይለኛል። እየቆየ መጠየቁን ተውኩት። ምክንያቱም ከጥያቄው ቀጥሎ የሚመጣው ክርክር ነው። እኔ «የጀመሩት እነሱ ናቸው» እላለሁ፣ እሱ «እናቴ ምን አደረገች?» ይላል። ሁለታችንም የያዝነውን ይዘን እንለያያለን። ቤት ስገባ ደግሞ ቴሌቪዥኑ ክፍት ነው። አንድ ቀን የልጅ ልጄ፣ ያኔ ስድስት ዓመቷ ነበር፣ አሻንጉሊቷን ስትቆጣ እኛ ማዕድ ላይ የምንናገረውን ስድብ ቃል በቃል ስትደግመው ሰማኋት። ሳቅን። መሳቃችንን ዛሬ ሳስበው ያሳፍረኛል።

በ2014 ዓ.ም. ጦርነቱ ወሎን አልፎ ወደ ሸዋ ሲጠጋ፣ ወታደር የነበረው የእህቴ ልጅ ሞተ። እህቴ ባሏ ከሞተ ወዲህ ከእኔ ጋር ነው የምትኖረው። መርዶው ሲነገራት ገና ጎህ አልቀደደም ነበር። ድንኳኑ ተተክሎ ሳያልቅ አበልጄና ባለቤቱ ገቡ። የአስቸኳይ ጊዜ አዋጅ የታወጀበት፣ የትግራይ ተወላጅ የሆነ ሰው ከቤቱ ለመውጣት ሁለቴ የሚያስብበት ሰሞን ነበር። ብዙዎችም ታስረዋል። አበልጄ ግን ሦስቱንም ቀን ዋለ። ወንበር ደረደረ፣ ንፍሮ አዞረ። እሱ ሲቀመጥ አጠገቡ የነበሩ ሁለት ሰዎች ተነስተው ወደ ሌላ ወንበር ሲሄዱ አይቻለሁ። እሱም አይቷል። ሆኖም ካለበት አልተነሳም።

የካቲት ላይ የእሱ ተራ ደረሰ። እናቱ ከሞቱ ሰባት ወር አልፏቸው ነበር። የስኳር መድኃኒት ጠፍቶ ነው የሞቱት። ወሬውን ያመጣው በዕርዳታ ሥራ ወደዚያ ገብቶ የወጣ ሰው ነው። ልጅ እናቱን ሳይቀብር፣ ከሰባት ወር በኋላ ድንኳን ተክሎ ተቀመጠ።

እኔ አልሄድኩም።

ለምን? ይህን ጥያቄ ለብዙ ጊዜ ስመልሰው የኖርኩት በእህቴ አሳብቤ ነው። «ልጇን ቀብራ፣ ጥቁሯን ሳታወልቅ እንዴት እነሱ ቤት እሄዳለሁ? ምን ይሰማታል?» እል ነበር። ፍርሃትም ነበረብኝ። ማን ከማን ጋር እንደሚውል የሚታይበት ጊዜ ነበር። ግን የፍርሃቱን ነገር ለራሴም አልናገረውም፤ የእህቴ ሐዘን የተሻለ ምክንያት መስሎ ታየኝ።

በሁለተኛው ቀን እህቴ ነጠላዋን አዘቅዝቃ ለብሳ ከጓዳ ወጣች። «ወዴት ነው?» አልኳት። «ለቅሶ» አለች። ዝም ብዬ ሳያት «የሞተችው እናት ናት» ብላ ወጣች። አርባውን እርምጃ በመስኮት ሆኜ አየኋት። ድንኳኑ ውስጥ ስትገባ የሴቶቹ ለቅሶ ከፍ ብሎ ተሰማኝ። ከዚያ በኋላ እንኳ ተነስቼ አልተከተልኳትም።

በወሩ መጨረሻ በዕድሩ ስብሰባ ጸሐፊው የቀሪዎችን ስም አነበበ። ብዙ ነበርን። ሃምሳ ብሬን ከፍዬ ደረሰኝ ተቀበልኩ። አበልጄ ከፊቴ ሁለት ወንበር አልፎ ተቀምጦ ነበር። ዞር ብሎ አላየኝም።

ከዚያ በኋላ ሰላምታችን አንገት መስበር ብቻ ሆነ። ጥቅምት 23 ቀን 2015 ዓ.ም. ፕሪቶሪያ ላይ የሰላም ስምምነት ተፈረመ። ታኅሣሥ 19 ቀን ደግሞ ወደ መቀሌ በረራ ተጀመረ። አበልጄ ብዙም ሳይቆይ ባለቤቱን ይዞ ሄደ። ዘጠና ዓመት ያለፋቸው አባቱ ብቻቸውን ቀርተው ነበር። የቤቱን ቁልፍ የሰጠው ለሌላ ጎረቤት ነው። ይህንን የሰማሁት ከሄደ በኋላ ነው። ከተናገረኝ ሁሉ ይልቅ ያልተሰጠኝ ቁልፍ ከበደኝ።

በ2016 ዓ.ም. የኮሪደር ልማቱ ፒያሳ ደረሰና ሰፈራችን ፈረሰ። እኛ ከከተማው ዳር ኮንዶሚኒየም ተሰጠን። አራተኛ ፎቅ ላይ ነን። ቤቱ ንጹሕ ነው፣ ውሃ በሚመጣበት ቀን ውሃ አለው። የፊት ለፊት ጎረቤቴን ስም ለማወቅ ግን አምስት ወር ፈጅቶብኛል። ዕቃ ባራገፍን በሳምንቱ ስልክ ተደወለ። የማላውቀው ቁጥር ነው።

«ሰፈሩ ፈረሰ አሉ፤ እግዜር ያጥናችሁ» አለ።

ድምፁን ወዲያው አወቅሁት። ለእናቱ ያልደረስኩ ሰው፣ ለቤቴ ለቅሶ ደረሰኝ። ምን እንደመለስኩለት አላስታውስም። ስልኩን ስዘጋ የልጅ ልጄ አጠገቤ ነበረች። «አባባ ማነው?» አለችኝ። «የአባትሽ የክርስትና አባት ነው» አልኳት። «ታዲያ ለምንድነው እኛ የማንደውልለት?» አለች። ልጅ ሲጠይቅ እንዲህ ነው፤ ማምለጫ አይተውላችሁም።

ለመወሰን ግን አሁንም ብዙ ወር ፈጀብኝ። በመጨረሻ በየካቲት 2017 ዓ.ም. ከእህቴ ጋር ወደ መቀሌ ሄድን። ቡናና በርበሬ ይዘናል። በወጣትነቴ ይህንን መንገድ በአውቶቡስ ሄጄበታለሁ፤ ደሴ፣ ወልድያ፣ አላማጣ፣ ማይጨው እያለ ሁለት ቀን ይፈጅ ነበር። በአውሮፕላን አንድ ሰዓት ከምናምን ነው። ልቤ ግን እንደዚያ አውቶቡስ ዳገቱን እየቆጠረ ነበር የሚሄደው።

አበልጄ አውሮፕላን ማረፊያው በር ላይ ቆሞ ጠበቀን። ሸብቷል። አስቀድሞ ያቀፈው እህቴን ነው። ቀጥሎ እኔን። በባጃጅ በሮማናት አደባባይ በኩል አልፈን፣ አባቱ ያሠሩት የድንጋይ ቤት ደረስን። አባቱ በሕይወት አሉ። ጉልበታቸውን ስሜ ስነሳ በትግርኛ መረቁኝ። ትርጉሙን አልጠየቅሁም፤ ምርቃት በማንኛውም ቋንቋ ይገባል።

በማግስቱ ወደ እናቱ መቃብር እንዲወስደኝ ጠየቅሁት። ሦስታችንም ሄድን። እህቴ ድንጋዩ ላይ ተደፍታ አለቀሰች፤ ለማን እንደምታለቅስ ሁላችንም እናውቃለን። እሷ ልጇን ከየት ቦታ እንደወደቀ እንኳ በቅጡ አታውቅም፤ መቃብሩን አላየችም። እኔ ያዘጋጀሁት ንግግር ነበረኝ። ስለ ጊዜው ክፋት፣ ስለ ፖለቲከኞች፣ ስለ ወሬው። ጥቂት እንደተናገርኩ አበልጄ አስቆመኝ።

«ምንም አልመሰለኝም ብዬ አልዋሽህም» አለኝ። «ሦስት ቀን ሙሉ የተቀመጥኩት በሩን እያየሁ ነው። ሌላው ሁሉ ቢቀር ግድ አልነበረኝም። አንተን ነበር የምጠብቀው።»

«አጥፍቻለሁ» አልኩት። ከዚያ ሁሉ ንግግር የተረፈኝ ይኸው አንድ ቃል ነበር። እሱም ጥቂት ዝም ብሎ «መጣህ እኮ» አለ።

አራት ቀን ሰነበትን። ፖለቲካም አወራን፤ እንዴት አይወራ? በብዙ ነገር ዛሬም አንስማማም። ጦርነቱን ማን ጀመረ ለሚለው እሱም የራሱ መልስ አለው፣ እኔም የራሴ። እዚያ ያለው ሰው በገዛ መሪዎቹ መከፋፈል እንደተማረረ ግን አይቻለሁ። ከቤታቸው ተፈናቅለው በትምህርት ቤቶች ውስጥ የተጠለሉ ሰዎች ዛሬም አሉ። የአበልጄ የልጅ ልጅ አሥራ አምስት ዓመቱ ሆኖ ገና ሰባተኛ ክፍል ነው። ኮሮናው ከጦርነቱ ጋር ተደርቦ ሦስት ዓመት ያህል ትምህርት ቤት አልሄደም። ዕድሜውን ስጠይቀው ዝቅ አድርጎ ነገረኝ፤ አያቱ ግን እውነቱን ኋላ ላይ አጫወተኝ። መምህር ነበርኩና ይህ ነገር ከሁሉም በላይ እንቅልፍ ነሳኝ። ልጁ ማንን በድሎ ነው በዕድሜው የሚያፍረው?

ይህንን የምጽፈው እኔ የታረቅሁ ደግ ሰው ነኝ ለማለት አይደለም። ፕሪቶሪያ ላይ የተዋጉት ሰዎች ጠረጴዛ ከበው ለመፈረም የወሰዱት ጊዜ፣ እኔ አርባ እርምጃ ለመራመድ ከወሰደብኝ ያነሰ ነው። እኔ ሦስት ዓመት ፈጅቶብኛል፤ አርባው እርምጃም ሰባት መቶ ሰማንያ ኪሎ ሜትር ያህል ሆኖ ጠበቀኝ። ሰሞኑን ደግሞ የጦርነት ወሬ እንደገና እየተናፈሰ ነው። ጦርነትን የማስቆም ሥልጣን እናንተም እኔም የለንም። ማዕድ ላይ የምንናገረው፣ ልጆች የሚሰሙት፣ ለማን ለቅሶ እንደምንሄድና ለማን እንደምንቀር ግን በእጃችን ነው። ያንን ማንም አዋጅ አውጥቶ አልወሰደብኝም። በገዛ እጄ ነው የሰጠሁት።

ልንመለስ ስንል አበልጄ «ዕድሩ አለ?» ብሎ ጠየቀኝ። አለ፤ ሰፈሩ ቢፈርስም አልፈረሰም። በየኮንዶሚኒየሙ ብንበተንም በወር አንድ እሑድ ሁለትና ሦስት ታክሲ እየያዝን እንሰበሰባለን። ድንኳኑና ድስቱ አንድ አባል ቤት ተቀምጧል። ይህንን ስነግረው ኪሱ ገብቶ ገንዘብ ቆጠረ። ከሄደ ጀምሮ ያልከፈለው ወርኃዊ መዋጮ ነው።

«ክፈልልኝ» አለኝ። «ስሜ ከመዝገብ እንዳይሰረዝ።»

በሚቀጥለው እሑድ ለጸሐፊው አስረከብኩ። ደረሰኙ በስሙ ተቆርጧል። ከሃምሳ ብሩ ደረሰኝ ጋር አንድ ላይ አስቀምጬዋለሁ፤ የልጅ ልጄ ከፍ ስትል ሁለቱንም አሳያታለሁ።