ቀኝ እጄ ባልታዘዘኝ ጊዜ

በስመ አብ ወወልድ ወመንፈስ ቅዱስ አሐዱ አምላክ አሜን።

አምበር ላይ የኪዳን ደወል ሲደወል እንደ ልማዴ ተነሥቼ ላማትብ ስል ቀኝ እጄ ከጉልበቴ አልነሣ አለኝ። ባለቤቴን ልጠራ ብሞክር አንደበቴ ተሳሰረ። ጎረቤት ተሰብስቦ «ልክፍት ነው» ሲል ልጄ ጊዜ ሳታጠፋ መኪና ለምና ደብረ ማርቆስ፣ ሆስፒታል አደረሰችኝ። በሽታው ስትሮክ ነበር፤ ወደ አንጎሌ ደም የሚወስድ ሥር ተዘግቶ። የደም ግፊት መድኃኒቴን «ደኅና ነኝ» ብዬ በገዛ ፈቃዴ አቋርጬ ነበርና ማንንም አልወቅስም።

ወደ ቤቴ ስመለስ ከእግሬ መጎተት ይልቅ ያሳዘነኝ እጄ ነው። በሰንበት ትምህርት ቤት ለሕፃናት ማማተብን ያስተማርሁበት እጅ ነበር። በግራ ማማተብ ድፍረት መሰለኝ፤ ሳላማትብ መጸለይም ባዶ ሆነብኝ። በመጨረሻ መቁጠሪያዬን ከግድግዳው ማውረድ ተውሁ። ስትሮክ ካገኛቸው ሰዎች ከሦስቱ አንዱ ያህል በድባቴ እንደሚያዝ ያወቅሁት ኋላ ነው፤ ያን ጊዜ እግዚአብሔር የተወኝ መስሎኝ ነበር።

የፊዚዮቴራፒ ባለሙያዋ አንድ ቀን «ዓይንዎን ጨፍነው እስትንፋስዎን ይከታተሉ፤ ከዚያ ልብዎን ወደ ቀኝ መዳፍዎ ይውሰዱ። ሐሳብዎ ሲሸሽ ሳይቆጡ ይመልሱት» አለችኝ። ማይንድፉልነስ ይባላል፤ ልብን አሁን ባለበት ማሳረፍ ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1979 ጆን ካባት-ዚን የተባሉ ምሁር በአሜሪካ በማሳቹሴትስ ዩኒቨርሲቲ ለሕሙማን እንዳስጀመሩት፣ መነሻውም ከቡድሂዝም እንደሆነ ልጄ አንብባ ነገረችኝ። ደነገጥሁ።

የነፍስ አባቴን «አባቴ፣ ይህ ባዕድ አምልኮ አይሆንብኝም?» ስል ጠየቅኋቸው።

ጥቂት ዝም አሉና «ልጄ፣ እስትንፋሱን የሰጠህ ማን ነው? መተንፈስህን ማስተዋል ኃጢአት አይደለም፤ የማንን ስም ይዘህ እንደምትተነፍስ ግን አስተውል። መነኮሳት አባቶቻችንም ኅሊናን መሰብሰብ ሲያስተምሩ ኖረዋል። ልብህን ባዶ አትተወው፤ በክርስቶስ ስም ሙላው» አሉኝ። ከዚያም ግራ እጄን አንሥተው ቀኙን አስያዙኝ፤ «ግራህ ቀኝህን ይዞ ያማትብ። ክኒንህንም ከጸሎትህ ጋር አታጣላው።»

ይህን ለባለሙያዋ ስነግራት ፈገግ አለች፤ ደካማውን እጅ በጤነኛው እየረዱ ማንቀሳቀስ እርሷም የምታዘው ነበርና። የሞተው የአንጎል ክፍል አይነሣም፤ ነገር ግን አንድን እንቅስቃሴ ልብ ብለው ደጋግመው ሲሠሩት ጤነኛው ክፍል የጠፋውን ሥራ ሊለማመድ ይችላል። ማስተዋሉ ብቻውን እጄን አልፈወሰውም፤ ልምምዱን እንዳልተው ግን አጸናኝ።

አሁን ማለዳ ማለዳ ፊቴን ወደ ምሥራቅ አድርጌ 41ዱን እግዚኦታ በመቁጠሪያ አደርሳለሁ። በጤናዬ ጊዜ ልቤ ገበያ ውሎ፣ የጤፍ ዋጋ እያሰላ፣ ምላሴ ብቻዋን ትጨርሰው ነበር። ዛሬ አንደበቴ ስለሚከብድ ለአንድ እስትንፋስ አንድ ልመና ብቻ ይደርሰኛል። ሐሳቤ ይሸሻል፤ እመልሰዋለሁ፤ ዳግመኛ ይሸሻል። ዲያቆኑ በቅዳሴ መካከል የተቀመጡት እንዲነሡ፣ ወደ ምሥራቅ እንዲመለከቱ፣ እንዲያስተውሉ ደጋግሞ የሚያዝዘው ለምን እንደሆነ የገባኝ አሁን ነው። የሰው ልብ እንደሚሸሽ ቤተ ክርስቲያን ከጥንት ታውቃለች።

ወጣቶች ሆይ፣ የወላጃችሁ ፊት በአንድ ወገን ሲጣመም፣ ክንዱ ሲዝል፣ አንደበቱ ሲተሳሰር ብታዩ እየጸለያችሁ ፈጥናችሁ ወደ ሆስፒታል አድርሱት። ታሞ ጸሎት የተወ ሰው በቤታችሁ ካለ ደግሞ አትገሥጹት። አጠገቡ ተቀምጣችሁ፣ በእርሱ እስትንፋስ ልክ፣ ቀስ ብላችሁ ጸልዩለት።

ዛሬ ቀኝ እጄ ከግንባሬ ወደ ደረቴ ብቻውን ይወርዳል። ወደ ግራ ትከሻዬ ሲሻገር ይንቀጠቀጣል፤ ከዚያ ወደ ቀኝ የሚያደርሰው ግራ እጄ ነው። ባለፈው እሑድ ወደ ሕፃናቱ ተመልሼ ማማተብ ሳስተምር፣ እኔን እያዩ ሁሉም ቀኝ እጃቸውን በግራቸው ይዘው አማተቡ። ሣቅሁ። ከዚያም በቀኝ እጅ ብቻ እንደሆነ፣ አንድ በአንድ እያስያዝሁ፣ ከመጀመሪያው አስተማርኋቸው።

ወስብሐት ለእግዚአብሔር።