የዐርባ አንደኛው ዓመት ማዕድ

አንባቢ ሆይ፤ ለአንድ ማዕድ የሚስማማውን መጠጥ መምረጥ ይህን ያህል የሚያስጨንቅ ጉዳይ ነውን ብለህ ትጠይቀኝ ይሆናል። እኔም ባለቤቴ በሕይወት ሳለች እንዲሁ እል ነበር። ወጡ ከተሠራ፣ እንጀራውም ከተጋገረ የሚጠጣው የተገኘው ይሆናል ብዬ አምን ነበር። አሁን ግን በ2016 ዓ.ም. በጥር ወር ለአንዲት ማታ ስል አንድ ወር ሙሉ ያሰብሁበትንና የደከምሁበትን ነገር ላጫውትህ እወዳለሁ።

እኔና ባለቤቴ የተጋባነው ጥር 15 ቀን 1975 ዓ.ም. በዕለተ እሑድ ነው። ከዚያ ወዲህ በየዓመቱ ያ ቀን ሲደርስ እርሷ ዶሮ ወጥ ትሠራለች፤ ቀኑ ረቡዕ ወይም ዓርብ ላይ የዋለ እንደ ሆነ ወደ ማግሥቱ እናሻግረዋለን። እንግዳ አይጠራም፤ ድግስም አይባልም። ሁለታችን፣ በኋላም ከልጃችን ጋር ሦስት ሆነን፣ አንድ መሶብ ከብበን እንበላለን። ይህ ልማድ አንድ ዓመት እንኳ ሳይቋረጥ እስከ 2015 ዓ.ም. ዘለቀ። በዚያው ዓመት በነሐሴ ወር ባለቤቴ ዐረፈች።

ጥር ሲቃረብ ማዕዱን እንደ ቀድሞው ለማዘጋጀት ማሰቤን ለታላቅ እኅቴ ነገርኋት። እርሷም እጅዋን አፏ ላይ ጭና፣ «ምን ነካህ ወንድሜ? ለሞተ ሰው ጸሎት ይደረጋል እንጂ የጋብቻ በዓል ይደገሳልን? መንፈቋ ሊደርስ አይደለም ወይ? እርሱን በወጉ አውጣ» አለችኝ። እኔም፣ «እትዬ፣ መንፈቁንም አወጣለሁ። እርሱ የቤተ ክርስቲያንና የነዳያን ነው፤ ይህኛው ቀን ግን የእኔና የእርሷ ነው» አልኋት። መልሴ ደስ አላሰኛትም። እውነቱን ለመናገር እኔም ልክ ስለ መሆኔ እርግጠኛ አልነበርሁም።

የመጠጡን ነገር ሳስብ ወደ 1976 ዓ.ም.፣ ወደ መጀመሪያው ዓመታችን፣ ተመለስሁ። ያን ዕለት ከመሥሪያ ቤት ስወጣ አንድ ጠርሙስ ቀይ ወይን ጠጅ ገዝቼ ነበር። ከሥጋ ጋር ቀይ ወይን ጠጅ እንደሚቀርብ ከአንድ ቦታ ሰምቼ ኖሮ፣ ሥልጡን ባል ለመምሰል ፈለግሁ። ባለቤቴ አንዴ ጎረሰች፤ አንዴም ተጎነጨች፤ ከዚያም ብርጭቆውን ቀስ አድርጋ አስቀመጠችና፣ «ይኸ መጠጥ ከበርበሬው ጋር ተጣላ» ብላ ራሷ የጣለችውን ጠጅ በብርሌ ይዛ መጣች። እኔ ደግሞ በእልህ ጠርሙሱን ብቻዬን ጨረስሁት። በማግሥቱ ራሴን ያመመኝን ነገር እዚህ ላይ አልተርክልህም።

ጥፋቱ የወይን ጠጁ አልነበረም። ምክንያቱን የተረዳሁት ከብዙ ዓመት በኋላ ነው። በርበሬን የሚያቃጥል ያደረገው ነገር በውኃ አይሟሟም፤ የሚያለሰልሰው ቅባት ነው። ቀይ ወይን ጠጅ በበኩሉ ከወይኑ ልጣጭና ከውስጥ ፍሬው የሚወጣ፣ ብዙ የቆየ ሻይ እንደሚያደርገው ሁሉ ምላስን የሚያደርቅና የሚሰበስብ ጠባይ አለው። ስኳሩ ሁሉ ተብላልቶ ወደ አልኮል የተለወጠ ከሆነ ደግሞ ያ ድርቀትና የአልኮሉ ሙቀት የበርበሬውን ቃጠሎ ያባብሱታል። ጣፋጭነት ግን ቃጠሎውን ያበርደዋል። ጠጅ ከዶሮ ወጥ ጋር ተስማምቶ የኖረው በልማድ ብቻ ሳይሆን ከማሩ ሳይብላላ የሚተርፍ ጣፋጭነት ስላለው ጭምር ነው። ባለቤቴ ይህን ሁሉ በአንድ ጉንጭ አውቃው ነበር።

ከገበያ ልገዛ እችል እንደ ነበር አልክድም። አክሱሚት ጣፋጭ ቀይ ወይን ጠጅ በመሆኑ በርበሬውን አይጣላም፤ ለክፉ ቀን ብዬ አንድ ጠርሙስ ገዝቼ አስቀመጥሁ። የተገዛ ጠጅም ነበር፤ ነገር ግን ማሩ ተቆጥቦ ስኳር የሚጨመርበት ጠጅ በየስፍራው ስለሚሸጥ ልቤ አላመነውም። ስለዚህ ጠጁን እኔው ራሴ ልጥል ቆረጥሁ።

እዚህ ላይ የማፍርበትን ነገር ልንገርህ። እኔ ሠላሳ ሦስት ዓመት በሒሳብ ሹምነት የሠራሁ ሰው ነኝ። የጠፋች ሳንቲም ፍለጋ መዝገብ ገልጬ ያመሸሁባቸው ሌሊቶች ብዙ ናቸው። በገዛ ቤቴ ግን ባለቤቴ ስንት ማር በስንት ውኃ እንደምትበጠብጥ አንድ ቀን እንኳ አልጠየቅሁም። የማውቀው መስፈሪያዋን ብቻ ነበር፤ አፉ በአንድ በኩል የተቆለመመ የወተት ዱቄት ቆርቆሮ ነው። እርሱን ከማጀት አወጣሁት።

ታኅሣሥ 21 ቀን እንስራውን አጥቤ በወይራ አጠንሁት። ሰዎች አንድ እጅ ማር በሦስት እጅ ውኃ ሲሉ ሰምቼ ስለ ነበር፣ ሦስት ቆርቆሮ ማር በዘጠኝ ቆርቆሮ ውኃ በጥብጬ ሰፈፉን አጠለልሁና አፉን በጨርቅ አሰርሁት። በሦስተኛው ቀን ጥቂት ብርዝ ቀንሼ ጌሾውን ቀቀልሁበት፤ በረድ ሲልም መልሼ ጨመርሁት። ጌሾውን የመጠንሁት በእፍኝ ነው፤ የእኔ እፍኝ ከእርሷ እንደሚበልጥ ግን አላሰብሁም። ከዚያ በኋላ ማታ ማታ እንስራው ላይ ጆሮዬን ለግቼ ፍላቱን አዳምጥ ነበር። የታኅሣሥ ብርድ እንደሚያዘገየው ስለማውቅ ጌሾውን ለማውጣት አልቸኮልሁም። ያወጣሁት በዐሥራ ሦስተኛው ቀን ነው። ይህን ሁሉ ለማንም አልተናገርሁም፤ ለልጄ ድንገተኛ ነገር እንዲሆንላት ፈልጌ ነበር።

ጥር 15 ረቡዕ ዋለ፤ ስለዚህ እንደ ልማዳችን ሐሙስ ተደረገ። ዶሮውን በተመለከተ ብዙ አልልህም። ሁለት ኪሎ ሽንኩርት ስከትፍ ያፈሰስሁት ዕንባ ከየትኛው እንደ ሆነ ለመለየት አስቸጋሪ ነበር። ዐሥራ ሁለቱን ብልት ለማውጣት ስታገል ልጄ ደረሰችና ቢላዋውን ከእጄ ወሰደችው። ሽንኩርቱን ያለ ቅባት፣ በዝግታ፣ መልኩ እስኪለወጥ ማቁላላት የእኔ ድርሻ ሆነ፤ ይህን ብቻ ሳይረር ተወጣሁት።

ማታ አምስት ሆነን ተቀመጥን፤ እኔ፣ ልጄ፣ ባለቤትዋ፣ ዘጠነኛ ክፍል የምትማረው የልጅ ልጄ፣ እንዲሁም እመጣለሁ ሳትል የመጣችው እኅቴ። በባለቤቴ ስፍራ አንድ ብርሌ ሞልቼ አኖርሁ። ለልጅ ልጄ ጌሾ ያልገባበት ብርዝ ለይቼ አዘጋጅቼላት ነበር፤ ለእርሷም ሆነ ለአንተ ዕድሜ የሚገባው እርሱ ነው፤ ከበርበሬም ጋር ቢሆን አያሳፍርም።

ልጄ ጠጁን አንዴ ቀመሰችና ዝም አለች። ከዚያም፣ «አባባ፣ ይኸን ማን ጣለው?» አለችኝ። እኔ መሆኔን ስነግራት ዐይኗ ዕንባ ሞላ፤ ነገር ግን ሳቀች። «ጌሾው ቆይቷል፤ መርሯል። እማዬ በስድስተኛው ቀን ነበር የምታወጣው» አለች። እኔም ቀመስሁት። እውነትም መራራ ነበር፤ ከመራራነቱ ሥር ግን የማሩ ጣዕም ነበረ፤ ወጡንም አልተጣላውም።

ልጄ እናቷ በብርድ ወራት የምታደርገውን፣ ጌሾውን እንዴት እንደምትመጥን፣ መቼ እንደምታጠልለው አንድ በአንድ ትናገር ጀመር። እኔ ተነሥቼ ደብተር አመጣሁ። ይህን ጊዜ የልጅ ልጄ፣ «አባባ፣ እርስዎ የቤቱን ሒሳብ ሁሉ ይጽፉ የለም እንዴ? ይኸን እማማ ሳለች ለምን አልጻፉትም?» ብላ ጠየቀችኝ። በክፋት አልነበረም፤ ማወቅ ፈልጋ ነው። እኔም እርሳሱን እንደ ያዝሁ ቀረሁ። አክሱሚቱን ልክፈት ወይ ብዬ ወሬ ለመለወጥ ብሞክርም የሚሻው አልተገኘም።

ያን ሁሉ ጊዜ እኅቴ አንድም ቃል አልተነፈሰችም ነበር። ሁላችንም ዝም ስንል እጅዋን ዘርግታ በባለቤቴ ስፍራ የነበረውን ብርሌ አነሣች። ልትከለክለኝ የመጣች መስሎኝ ልቤ ደነገጠ። እርሷ ግን አማተበችና እስከ መጨረሻው ጠጣችው። ፊቷን አጨፍግጋ፣ «በእውነቱ መራራ ነው» አለች። ቀጥላም ባዶውን ብርሌ ወደ እኔ ዘረጋችና፣ «ሙላው እንጂ፤ ስፍራዋ ባዶ ይሁን?» አለችኝ።