ውሃ ካልጠበቁት ይሄዳል፤ ከባዝ እስከ ዲቫይዘስ ያየነው

ወደ እንግሊዝ አገር የሚሻገር ኢትዮጵያዊ፤ ጊዜውና ስንቁ ከፈቀደለት፤ ባዝ የምትባለውን ከተማ ሳያይ መመለስ አይወድም። ምክንያቱም ጠላት አገራችንን በወረረ ጊዜ ንጉሠ ነገሥቱ ቀዳማዊ ኃይለ ሥላሴ ከ1936 እስከ 1940 ድረስ የስደታቸውን ዘመን ያሳለፉት በዚህች ከተማ፤ ፌርፊልድ ሃውስ በሚባለው ቤት ስለ ሆነ ነው። (በዚህ ጽሑፍ ውስጥ የሚገኘው ዘመን ሁሉ እንደ ኤውሮጳ አቆጣጠር ነው።) ይህንንም ቤት በ1958 ለአረጋውያን መጠቀሚያ እንዲሆን ለከተማይቱ ሰጥተዋል። እኛም በነሐሴ ወር ወደዚያ የሄድነው ቤቱን ለማየት ነበር። አይተንም በልባችን ብዙ ነገር እያሰላሰልን ወደ ከተማይቱ ወረድን። ዳሩ ግን ያላሰብነው ሌላ ትምህርት ከከተማይቱ በታች ቆየን፤ ለቤተ ሰብ ገጽ አንባብያን ልንነግራቸው የወደድነውም ይህንኑ ነው።

ከምድር ባቡሩ ጣቢያ በስተጀርባ የኤቮንን ወንዝ ተሻግረን ጥቂት እንደ ሄድን፤ በድንጋይ የታነጸ፤ ግድግዳው ጥቁርና እርጥብ የሆነ ጥልቅ ጕድጓድ አገኘን። ጥልቀቱ 6 ሜትር ያህል ነው። ከታች አንዲት ረዥም ጀልባ ቆማ ነበር፤ በውስጧ ያሉት ሰዎችም ወደ እኛ አንጋጠው ይመለከታሉ። ወዲያው አንድ ሽማግሌ በብረት እጀታ መዘውሩን አዞሩት። ውሃውም ከላይ እየተንዶለዶለ ገባ፤ ጀልባይቱም በቡሆ ዕቃ ውስጥ ኩፍ እንደሚል ሊጥ ቀስ እያለች ከፍ አለች። ጥቂት ቆይቶ ከእግራችን ትክክል ደረሰች። ሽማግሌውም ትልቁን መዝጊያ በጀርባቸው ገፍተው ከፈቱላት፤ እርሷም መንገዷን ሄደች።

ይህን የመሰለውን የውሃ ደረጃ እንግሊዞች ሎክ ይሉታል። ሥራው እንዲህ ነው። ጀልባ ኮረብታ መውጣት ስለማይቻለው፤ ውሃው እንደ ቤት ደረጃ እየተከፈለ ይሠራል። በየደረጃው ሁለት መዝጊያ አለ፤ አንዱ ከላይ፤ አንዱ ከታች። ጀልባይቱ ከገባች በኋላ የታችኛው ተዘግቶ የላይኛው ውሃ ሲለቀቅባት ትወጣለች፤ መውረድ ስትፈልግም ውሃው ወደ ታች ሲፈስ አብራ ትወርዳለች። ነገር ግን ልብ ብለን እንመልከት። አንዲት ጀልባ አንዱን ደረጃ ባለፈች ቍጥር ከ200,000 ሊትር የማያንስ ውሃ ከላይ ወደ ታች ይሄዳል። የሄደውን የሚተካ ከሌለ የላይኛው ቦይ ይደርቃል። እንግዲህ እንዲህ ያለ ቦይ አንድ ጊዜ ተሠርቶ የሚተው ሥራ አይደለም፤ በየቀኑ የሚጠብቀው ሰው ይሻል።

ያየነው ቦይ ኬኔት እና ኤቮን ይባላል። ከምሥራቅ የሬዲንግን ከተማ ከምዕራብ ከብሪስቶል ወደብ ጋራ የሚያገናኝ ሲሆን ርዝመቱ 140 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። በሁለቱ ጫፍ ያሉት ወንዞች አስቀድመው ለጀልባ ተደልድለው ነበር። መካከሉን፤ ማለት ከኒውበሪ እስከ ባዝ ያለውን፤ ጆን ሬኒ የተባለ ስመ ጥር መሐንዲስ አስቈፍሮ በ1810 ተፈጸመ። በዚያ ዘመን ፈረሶች በቦዩ ዳር እየሄዱ በገመድ ይጎትቱ ነበርና የድንጋይ ከሰልና እህል፤ እንጨትና የሕንጻ ድንጋይ በዚህ መንገድ ይመላለስ ነበር። ፈረሶቹ የረገጡት መንገድ ዛሬ የእግረኛ መንገድ ሆኗል፤ እኛም ከባዝ ተነሥተን ሸለቆውን ተከትለን የሄድነው በእርሱ ነው።

ከከተማይቱ ወጥተን ጥቂት እንደ ተጓዝን ክላቨርተን ከሚባል ስፍራ ደረስን። በዚህ ቦታ ቦዩ ከላይ፤ የኤቮን ወንዝ ከታች ይሄዳሉ። ሬኒም የወንዙን ጕልበት ተጠቅሞ የወንዙን ውሃ ወደ ቦዩ የሚያወጣ መኪና በ1813 አቆመ። ወንዙ እንደ ወፍጮ ትልቅ መንኰራኵር ያዞራል፤ መንኰራኵሩም ውሃውን 14 ሜትር ያህል ወደ ላይ ያነሣዋል። እሳት የለበትም፤ የሚነድ ነገርም አይፈልግም። ይህ መኪና በ1952 ሥራውን አቋርጦ ነበር። ከዓመታት በኋላ ግን በጎ ፈቃደኞችና የባዝ ተማሪዎች ያለ ዋጋ ደክመው ጠገኑት፤ በ1978ም እንደ ገና ውሃ አነሣ። ከዚያም አልፎ ቦዩ ወንዙን ራሱን ከላዩ የሚሻገርበት ደንዳስ የተባለ ድልድይ አለ። ወንዝ ከታች ሲፈስ፤ ጀልባ በድንጋይ ድልድይ ላይ በውሃ ውስጥ ሲያልፍ ማየት ለዓይን እጅግ ያስደንቃል።

ነገር ግን ይህ ሁሉ ጌጥ ሊጠፋ ጥቂት ቀርቶት እንደ ነበር ሰማን። በ1841 ከሎንዶን እስከ ብሪስቶል የምድር ባቡር ሲዘረጋ ነጋዴው ሁሉ ወደ ባቡሩ ዞረ። በ1852ም የባቡሩ ኩባንያ ቦዩን ገዛው። ገበያውን የሚሻማውን የሚገዛ ሰው የገዛውን ለማበልጸግ እንደማይተጋ የታወቀ ነው። ቦዩም ዓመት በዓመት እየተዳከመ ሄደ። መዝጊያዎቹ በሰበሱ፤ ደለሉ ሞላ፤ ቄጠማውና ቍጥቋጦው ውሃውን ሸፈነው። ከ1951 ወዲህም ከጫፍ እስከ ጫፍ የሚያልፍ ጀልባ ታጣ። የደንዳስ ድልድይ እንኳ እየነቃና እያፈሰሰ ስላስቸገረ በ1954 ደረቅ ሆነ። ከዚህ በኋላ ባለ ሥልጣኖች ቦዩን ፈጽመው ለመተው አሰቡ።

በዚህ ጊዜ ነው የአገሩ ሰዎች የተነሡት። በ1956 ከ20,000 የሚበልጡ ሰዎች የፈረሙበት አቤቱታ ተጻፈ። ይህንንም አቤቱታ በፖስታ ወይም በባቡር መላክ ሲችሉ፤ ከብሪስቶል እስከ ሎንዶን በውሃው መንገድ በራሱ ወሰዱት፤ ለትልቅ ጀልባ ማለፊያ ባልነበረበት ስፍራ በትንሽ ታንኳ ቀዘፉ። እኛ ዕድሜያችንን በጽሕፈት ቤት አቤቱታ ስንቀበል የኖርን ነንና ይህን በሰማን ጊዜ በልባችን አደነቅን። ብዙ አቤቱታ ነገሩን በቃል ብቻ ይነግራል፤ ይህኛው ግን በመምጣቱ ብቻ ነገሩን አስረዳ። መንገዱ ገና አልሞተም ማለቱ ነበርና።

አቤቱታው ከቀረበ በኋላም ሰዎቹ እጃቸውን አጣጥፈው መልስ አልጠበቁም። በ1951 ያቋቋሙትን ማኅበር በ1962 የኬኔት እና ኤቮን ቦይ በጎ አድራጎት ማኅበር አድርገው አጸኑት። ከዚህ በኋላ ወደ 30 ዓመት ለሚሆን ጊዜ በዕረፍት ቀናቸው አካፋና ባልዲ ይዘው ጭቃ ዛቁ፤ ገንዘብ ለመኑ፤ ግንብ ጠገኑ። በሌላው ወገን ክሮፍተን በተባለ ቦታ ያለውን፤ በ1812 የተሠራውን የእንፋሎት መኪና ማኅበሩ በ1968 ከነቤቱ ገዝቶ እንደ ገና አስነሣው። ይህ መኪና ከመጀመሪያ ስፍራው ሳይነቃነቅ፤ የተሠራበትን ሥራ ዛሬም ሊሠራ የሚችል በመሆኑ በዓለም ከሚገኙት መሰሎቹ ሁሉ አንጋፋው ነው ይባላል። መንግሥትና የየአውራጃው ሹማምንትም የሕዝቡን ትጋት ባዩ ጊዜ እጃቸውን ዘረጉ። በመጨረሻም ነሐሴ 8 ቀን 1990 ንግሥት ኤልሳቤጥ መጥተው ቦዩን ከፈቱት።

እርሳቸው የከፈቱበትን ስፍራ ለማየት በማግሥቱ ወደ ዲቫይዘስ ሄድን። ቦታው ኬን ሂል ይባላል። በ3 ኪሎ ሜትር ያህል መንገድ ውስጥ 29 የውሃ ደረጃዎች አሉ፤ ቦዩንም 72 ሜትር ከፍ ያደርጉታል። ከነዚህም 16ቱ ቀጥ ብለው፤ አንዱ ባንዱ ላይ፤ ኮረብታውን ይወጣሉ። ከታች ቆሞ የሚያይ ሰው የግዙፍ መሰላል ደረጃ ይመስለዋል። ቍልቍለቱ ብርቱ ስለ ሆነ በደረጃና በደረጃ መካከል ውሃ የሚጠራቀምበት ቦታ አልነበረም፤ ስለዚህ ሬኒ በጎን በጎኑ ሰፋፊ ኩሬ አስቈፈረ። ዛሬ ደግሞ ከ1996 ጀምሮ በታች የቆመ መኪና በቀን 32,000,000 ሊትር ያህል ውሃ ወደ ላይ ሊመልስ ይችላል። ጀልባ ሁሉንም ደረጃ ለማለፍ አምስት ወይም ስድስት ሰዓት ይፈጅበታል።

በኮረብታው ወገብ ላይ ጠጕራቸው የሸበተ አንዲት ሴት ወይዘሮ መዝጊያ ሲገፉ አገኘንና ሰላምታ ሰጥተን፤ «እመቤቴ፤ ለዚህ ድካም ደመወዝዎ ስንት ነው?» ብለን ጠየቅናቸው። እሳቸውም ሥቀው፤ «ደመወዝስ የለኝም። ባለቤቴ ካረፈ ወዲህ በሳምንት ሁለት ቀን እዚህ እውላለሁ። ልጅ ሳለሁ አባቴ ቅዳሜ ቅዳሜ ጭቃ ሊዝቅ ሲመጣ ባልዲውን የምይዝለት እኔ ነበርሁ። ያን ጊዜ ይህ ውሃ የሚታየው ስፍራ ሁሉ ቍጥቋጦ ነበር። አባቴ ጀልባ ሲያልፍበት ሳያይ ሞተ» አሉን። ይህን ብለው ሌላ ጀልባ ስለ ደረሰ ተሰናብተውን ወደ ሥራቸው ተመለሱ። እኛም ብዙ ጊዜ ዝም ብለን ቆምን። ሰው የማያየውን ነገር ለልጁ ብሎ እንዲህ የሚደክም ከሆነ፤ ርስት ማለት ይህ አይደለምን?

ከ2012 ወዲህ ከእንግሊዝና ከዌልስ ቦዮችና ወንዞች ብዙዎቹ ካናል ኤንድ ሪቨር ትረስት ለሚባል አንድ ትልቅ በጎ አድራጎት ማኅበር ተሰጥተዋል፤ የሚጠብቀውም ውሃ 3,200 ኪሎ ሜትር ያህል ነው። የሚያደርጉትን በአጭሩ እንናገር። በበጋ በየደረጃው የሚረዱ በጎ ፈቃደኞችን ያሠማራሉ። በየመንደሩ ሰው ተሰብስቦ የቦዩን ዳር ያጸዳል፤ አጥር ይቀባል፤ አበባ ይተክላል። ልጆችን ከየትምህርት ቤቱ አምጥተው የውሃን ጠባይና አደጋውን ያስተምራሉ። በእግሩ መሄድ የማይችል ሰውም ሽርሽር እንዲያገኝ ለአካል ጉዳተኞች የተዘጋጁ ሰፋፊ ጀልባዎች አሉ። በክረምት ደግሞ መዝጊያ ሲለወጥ ውሃውን ያደርቁታል። አስቀድሞም ዓሣው ተጠምዶ ሳይሞት ወደ ሌላ ስፍራ ይወሰዳል። ከዚያ በኋላ አንዳንድ ቀን ሕዝቡ ወደ ደረቁ ጕድጓድ ወርዶ የአባቶችን ግንብ እንዲያይ ይፈቀድለታል። መዝጊያውም ባሉጥ ከተባለው ጠንካራ እንጨት ተጠርቦ ይሠራል፤ ዕድሜው ግን ቢበዛ ከ25 ዓመት ብዙም አያልፍም። እንግዲህ አንድ ሰው በዕድሜው ሁለት ወይም ሦስት ጊዜ ሲለወጥ ያያል ማለት ነው።

ይህን ስንጽፍ ችግር የለም ለማለት አይደለም። መንግሥት በየዓመቱ የሚሰጠው ርዳታ ከ2027 ጀምሮ እየቀነሰ እንዲሄድ በ2023 ተቈርጧል። ሁለት መቶ ዓመት ያለፈው ግንብ ግን ከዓመት ወደ ዓመት የሚጠይቀው ወጪ ይጨምራል እንጂ አይቀንስም። ጀልባን ቤታቸው አድርገው የሚኖሩ ሰዎችም የፈቃድ ክፍያ ከፍ በማለቱ ያዝናሉ፤ ብዙዎቹ ባለጠጎች አይደሉምና ኀዘናቸው ከንቱ አይደለም። የጎደለውን ማን ይሞላል የሚለው ጥያቄ እስካሁን መልስ አላገኘም። ከመዝጊያው አጠገብ ያየናቸው ወይዘሮ ግን መልሱ እስኪመጣ ድረስ መግፋታቸውን አልተዉም።

በመንገድ ሳለን አንድ የልጅነት ነገር ትዝ አለን። ፊደል በቈጠርንበት ደብር አጠገብ ከምንጭ እስከ ደጀ ሰላሙ የሚመጣ በድንጋይ የተሠራ ትንሽ ቦይ ነበር። አንድ ክረምት ከጠርዙ አንድ ድንጋይ ወደቀ። ካህናቱ የገበሬው ሥራ ነው አሉ፤ ገበሬውም የካህናቱ ነው አለ፤ እኛ ተማሪዎቹ ደግሞ ስንሄድ ስንመለስ በድንጋዩ ላይ ዘልለን እናልፍ ነበር። ከሦስት ክረምት በኋላ ውሃው ሌላ መንገድ አበጀ፤ እናቶቻችንም እንስራ አዝለው እስከ ወንዙ መውረድ ግድ ሆነባቸው። ድንጋዩ ሁለት ልጆች የሚያነሡት ነበር።

«ሃምሳ ሎሚ ለአንድ ሰው ሸክም፤ ለሃምሳ ሰው ጌጥ» ይባላል። ታላቅ ሥራ ለመሥራት ገንዘብና ሥልጣን ያስፈልጋል፤ የተሠራውን ለመጠበቅ ግን ከየቤቱ የሚወጣ አንድ እጅ ይበቃል። ስለዚህ የቤተ ሰብ አባቶችና እናቶች ሆይ፤ በሚመጣው በዓል ልጆቻችሁን ይዛችሁ በሰፈራችሁ ወዳለው ምንጭ፤ ወይም ጕድጓድ፤ ወይም ቦይ ውረዱ። ማን እንደ ሠራው ንገሯቸው። የወደቀ ድንጋይ ቢኖርም የማን ሥራ ነው ሳትሉ ከነሱ ጋራ አንሡት።