የሚኒሶታው አጋሰስ

ይድረስ ለቤተሰቡ በሙሉ
ከሮዞ፣ ሰሜን ሚኒሶታ

እዚህ ሁሉም ሰላም ነው። ጋሼም ደኅና ናቸው፤ ሰሞኑን እንቅልፍ የነሳቸው አንድ ነገር ብቻ ነው፦ የትኛውን ኤቲቪ ልግዛ የሚለው።

ሮዞ ከሚኒያፖሊስ ወደ ሰሜን ስድስት ሰዓት ያህል ተነድቶ የሚደረስባት፣ ለካናዳ ድንበር 16 ኪሎ ሜትር ገደማ የቀራት ትንሽ ከተማ ናት። ጋሼ ጡረታ ሲወጡ ከከተማዋ ወጣ ብሎ ጫካ ዳር አንድ ጎጆና ቁራሽ መሬት ገዙ። ቤቱ የሚሞቀው በእንጨት ነው። ከዋናው መንገድ እስከ ደጃፉ ያለው መግቢያ ረጅም ሲሆን ብርዱ ሲገባ በረዶ ይደፍነዋል። የአካባቢው ሐይቅ ሲጋገር ደግሞ ጎረቤቶች በረዶውን በስተው ዓሣ ያጠምዳሉ፤ ጋሼም ለምደውታል። እንጨት መጎተት፣ በረዶ መጥረግ፣ የማጥመጃውን ድንኳን እስከ ሐይቁ ማድረስ፣ ሁሉም ጉልበት የሚፈልግ ሥራ ነው።

ኤቲቪ የሚሉት በአራት ወፍራም ጎማ የሚሄድ፣ እንደ ሞተር ብስክሌት ኮርቻው ላይ ተቀምጠው በእጀታ የሚነዱት ማሽን ነው። ለእሽቅድምድም የሚሠራው ሰጋር በቅሎ ከሆነ፣ ለሥራ የሚሠራው አጋሰስ ነው፤ ከፊትና ከኋላ ፖርቶመጋላ አለው፣ ተጎታች ይስባል፣ ምላጭ ሲገጠምለት በረዶ ይገፋል።

ሮዞ ለዚህ ነገር ባዳ አይደለችም። ፖላሪስ የተባለው ኩባንያ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር በ1954 የተቋቋመው እዚሁ ነው። መጀመሪያ ስሙ የወጣው በበረዶ ላይ በሚሄዱ ሞተሮች ሲሆን ኤቲቪ ወደ መሥራት የገባው በ1985 ነው። ከመሥራቾቹ አንዱ ኤድጋር ሄቲን ኋላ ለብቻው ወጥቶ፣ ከዚህ ብዙም በማትርቀው ሲፍ ሪቨር ፎልስ ዛሬ አርክቲክ ካት የሚባለውን ተፎካካሪ መሠረተ። በዚህ አገር ስለ ኤቲቪ አስተያየት የሌለው ጎረቤት አይገኝም።

የጋሼ ዓይን ያረፈው ግን ሆንዳ ላይ ነው። ምክንያታቸው ካምቢዮው ነው። በብዙዎቹ ኤቲቪዎች የሞተሩ ኃይል ወደ ጎማ የሚሄደው በቺንጊያ ነው፤ ነጂው ነዳጅ ከመስጠት በቀር ሥራ የለውም፣ ይህም ምቾት ነው። ነገር ግን ቺንጊያ ውሃ ከገባበት ይንሸራተታል፤ ከባድ ጭነት በዝግታ ሲጎትትም ይግላል። የሆንዳዎቹ እንደ መኪና በጥርስ ማርሽ ይሠራሉ። ዕድሜ ልካቸውን መኪና ሲፈቱና ሲገጥሙ የኖሩት ጋሼ የሚያምኑት ይህንን ነው።

ሱቁ ውስጥ የቀረበላቸው ራንቸር የተባለው ባለ 420 ሲሲ ነበር፤ እሱም እንደ ኪስ አቅም በየደረጃው ተሰልፏል። የመጨረሻው ርካሽ የሚነዳው በኋላ ጎማዎቹ ብቻ ነው፤ ማርሹ በእግር ይቀየራል፣ ፍሪሲዮኑ ግን ራሱ ይይዛል፣ ራሱ ይለቃል። ከዚያ በላይ አራቱም ጎማዎች የሚነዱት አለ። ቀጥሎ ማርሹ በእጀታው ላይ ባለ ቁልፍ የሚቀየረውና መሪውን በኤሌክትሪክ የሚያግዘው ይመጣል። ከሁሉ በላይ ያለው ማርሹን ራሱ ይቀይራል፤ የኋላ ጎማዎቹም እያንዳንዳቸው ለየብቻ ይወዛወዛሉ። በታችኛውና በላይኛው መካከል ያለው ልዩነት ከ2 ሺህ ዶላር በላይ ነው፤ በዚያ ላይ የማጓጓዣና የመገጣጠሚያ ሂሳብ ይጨመርበታል።

ጋሼ ቁጠባ ይወዳሉና ወደ ታችኛው አዘነበሉ፤ ሻጩ ደግሞ ወደ ላይኛው ይስባቸዋል። ክርክሩን የለወጡት ባለቤታቸው እትዬ ናቸው። አንድ ወረቀት ለሁለት ከፈሉና በአንዱ በኩል በኋላም ተገዝቶ የሚገጠመውን፣ በሌላው በኩል ዛሬ ካልተገዛ በኋላ የማይገኘውን ወይም እጅግ የሚወደደውን ጻፉ። ዊንች፣ የበረዶ ምላጭ፣ የእጅ ማሞቂያ፣ የነፋስ መከላከያና የዕቃ ሣጥን በመጀመሪያው በኩል ሰፈሩ። በሁለተኛው በኩል የአራት ጎማ መነዳት፣ የመሪ እገዛ፣ የኋላው አክስል ዓይነትና የመጎተት አቅም ተጻፉ።

አራት ጎማው ላይ ማንም አልተከራከረም፤ በረዶ የሚገፋ ማሽን የፊት ጎማው ካልቆነጠጠ ባለበት ይሽከረከራል። የመሪው እገዛ ግን አነጋገረ። ጋሼ «ቅንጦት ነው» አሉ። እትዬ ተቀምጠው ሲሞክሩት፣ የፊት ጎማዎቹ ኃይል ሲያገኙና ፊቱ ላይ ምላጭ ሲጨመር መሪው ምን ያህል እንደሚከብድ ሻጩ አስረዳቸው። እገዛው ማቅለል ብቻ አይደለም፤ ጎማው ከድንጋይ ወይም ከዛፍ ሥር ጋር ሲጋጭ ወደ እጅ የሚመጣውን ምት ይቀንሳል። ማሽኑን እትዬም ስለሚነዱት ለትከሻቸው ሲሉ አልለቀቁም።

የኋላው አክስል ላይ ጋሼ አሸነፉ። ለየብቻ የሚወዛወዘው ሥራሥርና ጉድጓድ በበዛበት መንገድ ወገብ ያሳርፋል። አንድ ወጥ የሆነው ደግሞ ክፍሎቹ ጥቂት ናቸው፣ ለጥገና ይቀላል፣ ጭነት ሲያርፍበት እንደ ሌላው ዝቅ አይልም። የእነሱ መንገድ ሜዳ ነው፤ ለማይገኝ ጉድጓድ ገንዘብ አይከፈልም ተባለ።

ቁርጡን ያሳየው የመጎተት አቅሙ ነው። ራንቸር ከታችኛው እስከ ላይኛው የሚጎትተው 385 ኪሎ ነው፤ ፖርቶመጋላዎቹ የሚችሉት ከፊት 30፣ ከኋላ 60 ኪሎ ነው። ተጨማሪው ገንዘብ ይህንን አንድ ኪሎ አያሳድገውም። የተጎታቹ የራሱ ክብደትም የሚቆጠረው ከዚሁ ላይ ነው፤ እርጥብ የበርች እንጨት ሲጫንበት ቶሎ ይሞላል። ታላቅ ወንድሙ ፎርማን፣ ባለ 518 ሲሲው፣ 600 ኪሎ ይጎትታል፤ ከፊት 45፣ ከኋላ 85 ኪሎ ይሸከማል። ለካስ ጥያቄው «ተራው ራንቸር ወይስ ምቾት ያለው ራንቸር» መሆን አልነበረበትም፤ በላይኛው ራንቸር ዋጋ አካባቢ ሥራቸውን የሚችል ፎርማን ይገኛል።

ስለዚህ ውሳኔው ይህ ሆነ፦ አራት ጎማ የሚነዳ፣ የመሪ እገዛ ያለው፣ ማርሹ በቁልፍ የሚቀየር፣ አክስሉ ወጥ የሆነ ፎርማን። ምላጩና ዊንቹ በረዶው ከመጣሉ በፊት ይገጠማሉ። ማሽኑ ራሱ 300 ኪሎ ገደማ ስለሆነ 1,134 ኪሎ የሚስብ ዊንች ይበቃዋል። ምላጩን በዊንቹ በየደቂቃው ማንሳትና ማውረድ ግን ባትሪ ይበላልና፣ ሥራው ሲረዝም ሞተሩን ሞቅ አድርጎ ማሠራት እንዳለባቸው ተነግሯቸዋል። የእጅ ማሞቂያው ለከርሞ ተላልፏል፤ ጋሼ ጓንት አለኝ ብለዋል።

እናንተ መቼም «እንዳይገለብጣቸው» ማለታችሁ አይቀርም። ጎማው የሚነፋው ከ5 ፒኤስአይ በታች ነው፤ የመኪና መለኪያ ይህንን በደንብ ስለማያነብ ልዩ መለኪያ ተገዝቷል። ገመድ የሚታሰረው ከታች ባለው መጎተቻ እንጂ ፖርቶመጋላው ላይ አይደለም፤ ከላይ ከታሰረ ማሽኑ ወደ ኋላ ሊገለበጥ ይችላል። ኮርቻው የተሠራው ለአንድ ሰው ስለሆነ ማፈናጠጥ የለም። የጋሼ ልጅ ደግሞ እንደ ፈረንጆቹ አቆጣጠር ከጁላይ 1 ቀን 1987 በኋላ ከተወለዱት ስለሆነ፣ በሚኒሶታ ሕግ በሕዝብ መሬት ላይ ለመንዳት የደኅንነት ሥልጠና ወስዶ የምስክር ወረቀት ማግኘት አለበት። ተመዝግቧል።

የቀረው ቀለሙ ነው። ጋሼ አረንጓዴ ይላሉ፤ እትዬ በረዶ ላይ ከሩቅ የሚታይ ቀይ ይሁን ብለዋል። በሚቀጥለው ስልክ ሐሳባችሁን ብትነግሯቸው ደስ ይላቸዋል። ጎረቤቱን ሁሉ፣ በተለይ አያቴን፣ ሳሙልን።

የናንተው ልጅ