እማማን ማን ያገላብጣቸው?

አረጋውያን ዜና ላይ ብቅ የሚሉት ወይ ለበዓል ዶሮና ዘይት ሲሰጣቸው ነው፣ ወይ ቤታቸው ታድሶ ቁልፍ ሲረከቡ። ካሜራው ከወጣ በኋላ ማን ያጥባቸዋል? ማን ያጎርሳቸዋል? እሱ ዜና አይደለም። (ጋዜጠኝነት ተምረሽ በአልጋ ቁስል ምን አገባሽ ለምትሉኝ፣ ትንሽ ታገሱኝ።)

ጌጃ ሰፈር፣ እኛ ግቢ ውስጥ፣ ስትሮክ መትቷቸው ግማሽ አካላቸው የማይታዘዝላቸው እናት አሉ። ሰፈሩ በሙሉ እማማ ነው የሚላቸው። ዕድሜያቸውን ሙሉ ጉሊት ሸጠው ስለኖሩ ጡረታ የሚባል ነገር የላቸውም። የምታስታምማቸው አንድ ልጃቸው ናት። ካፌ ውስጥ ትሠራ ነበር፤ እናቷ ሲወድቁ ሥራዋን ለቃ ገባች።

እዚያው ግቢያችን ውስጥ ሌላ ልጅ አለች። 23 ዓመቷ ነው። «ኬር ጊቪንግ» የሚሉትን ሥልጠና ጨርሳ፣ የሲኦሲ ፈተናውን አልፋ፣ የሳውዲ ቪዛዋን ስትጠብቅ ነበር። አንድ ቀን እማማን ልትጠይቅ ገብታ ልብሳቸውን ገለጥ ስታደርግ ከወገባቸው በታች ቀልቷል።

«በጀርባቸው ከተኙ ስንት ሰዓት ሆናቸው?»

«ከጠዋት ጀምሮ።»

ከዚያ ቁጭ ብላ አስተማረች። በየሁለት ሰዓቱ ይገላበጣሉ። በጎን ሲተኙ ጉልበትና ጉልበታቸው መሀል ትራስ ይገባል፣ ተረከዛቸው ፍራሹን እንዳይነካ ከፍ ይላል። ብብታቸውን ይዞ መጎተት ቆዳ ስለሚልጥ አይቻልም፤ አንሶላ አጥፎ ከሥር አንጥፎ ለሁለት ማንሳት ነው። ምግብ ደግሞ ተኝተው አይሆንም። ስትሮክ የመታው ሰው መዋጥ ያቅተዋል፣ ውሃ እንኳ ትን ብሎት ወደ ሳንባው ሊገባ ይችላል። ቀና ብለው፣ ትንሽ ትንሽ፣ ቀስ እያሉ።

ቅላቱ በሳምንቱ ቀነሰ። የእማማ ልጅ ያን ዕለት አለቀሰች። «እያሳሳችኝ ነው የጎዳኋት» አለች። በእንቅልፏ እንዳትረበሽ ብላ ነበር ሙሉ ቀን ሳትነካቸው የምትውለው። በየሁለት ሰዓቱ አገላብጫት ያላት ሰው አልነበረማ!

እንግዲህ የሚገርመኝ እዚህ ላይ ነው። የውጭ አገር ሥራ ስምሪት አዋጅ ቁጥር 923/2008 ለሥራ የምትሄድ ልጅ የሙያ ብቃት ማረጋገጫ እንድትይዝ ይጠይቃል። ጥሩ ሕግ ነው። ያልሠለጠኑ ስንት እህቶቻችን መከራቸውን አይተዋል። ግን ያው ልጅ እዚሁ ልደታ የአንድ አዛውንት አልጋ ሥር ብትቆም የሚጠይቃት የለም። የአገር ውስጡ የአሠሪና ሠራተኛ አዋጅ ቁጥር 1156/2011 ደግሞ በሰው ቤት የሚሰጥን የግል አገልግሎት ከሽፋኑ አውጥቶ ለሚኒስትሮች ምክር ቤት ደንብ ትቶታል። በአጭሩ፣ ለሪያድ ሲሆን ሙያ የሆነው ነገር ለጌጃ ሰፈር ሲሆን «ሠራተኛ» ይባላል።

ልጅቷ እዚህ ሥራ አልፈለገችም እንዳትሉ። ፈልጋለች። አዛውንት የሚንከባከብላቸው ሰው የሚሹ ቤቶች ሞልተዋል፤ ግን በዚያው እንጀራ እንድትጋግር፣ ልብስ እንድታጥብ፣ ሕፃን እንድታመላልስም ነው። ሰርተፊኬቷን ገልጦ ያነበበላት አንድ ደላላ ብቻ ነው። እሱም ወዲያው «ይሄማ ለውጭ ነው» አላት።

«ኢትዮጵያ የወጣት አገር ናት፣ ምን እርጅና አመጣሽብን?» ትሉ ይሆናል። እውነት ነው፣ የሕዝባችን ግማሽ ዕድሜው ከ20 በታች ነው። ጃፓን ውስጥ ከ65 ዓመት በላይ የሆነው ሰው ከመቶ 30 ሊሞላ ጥቂት ቀርቶታል፤ እኛ ጋ ከመቶ 3 ገደማ ነው። ግን ከ120 ሚሊዮን በላይ ሕዝብ ውስጥ ከመቶ 3 ማለት ከሦስት ሚሊዮን በላይ አዛውንት ማለት ነው። እ.ኤ.አ. በ1990 ከ50 ዓመት በታች የነበረው አማካይ የመኖሪያ ዕድሜም አሁን ከ65 አልፏል። ወላጆቻችን ከአያቶቻችን ይልቅ ብዙ ይኖራሉ። እኛ ደግሞ እንደነሱ ስምንትና ዘጠኝ ሆነን አልተወለድንም።

ድሮ ጎረቤት ነበር። ልደታ ሲፈርስ ያ ጎረቤት አንዱ ጀሞ፣ አንዱ ገላን ሄደ። መቄዶንያ አለ ይባል ይሆናል። ቢኒያም በለጠ የሠራው ሥራ ትልቅ ነው፣ እግዜር ይስጠው። ግን እሱ ጎዳና ላይ የወደቀውን ነው የሚያነሳው፤ እማማ ቤትም ልጅም አላቸው።

የሥራና ክህሎት ሚኒስቴር ከተቋቋመ ከ2014 ዓ.ም ጀምሮ ክህሎት የሚለውን ቃል ሳንሰማ የዋልንበት ቀን ያለ አይመስለኝም። እኔ የምለው፣ ለእማማ ልጅ የሁለት ሳምንት የማታ ሥልጠና መስጠት ምን ያቅታል? ከሰፈራችን ሳይርቅ እነ ተግባረ ዕድ አሉ። ወረዳው አዳራሽ አለው። የሚያስፈልገው አንድ አልጋ፣ ሁለት አንሶላ፣ ጥቂት ትራስና አንዲት የምታውቅ ሴት ናት። ለዚያች ሴት ደግሞ ደመወዝ! በጽድቅ ብቻ የሚሠራ ሙያ የለም።

ክፍያውን በተመለከተ የእድራችንን ሰብሳቢ አነጋግሬ ነበር።

«ጋሼ፣ እድሩ ለሠለጠነች ልጅ በቀን ሁለት ሰዓት ቢከፍልስ?»

«ልጄ፣ ደንባችን ቀብር ነው የሚለው።»

«ሲሞቱ ለድንኳንና ለንፍሮ ከምናወጣው ላይ ቢቀነስስ?»

ዝም አሉ። ቆይተው «ስንት ነው የምታስከፍለው?» አሉኝ። ለጠቅላላ ጉባኤው በጽሑፍ አቅርቢ ተብያለሁ፤ ጉባኤው የመጪው ወር የመጀመሪያ እሑድ ነው።

የልጅቷ ቪዛ በዚህ መሀል መጣ። በወር አንድ ሺህ ሪያል፣ የሁለት ዓመት ኮንትራት። ሳትሄድ እማማ ግድግዳ ላይ ሰዓትና ስም የተጻፈበት ወረቀት ለጥፋልን ነበር። የምሽት ሁለት ሰዓቱ የኔ ነው፤ የአራቱ የወንድሜ። ከእኩለ ሌሊት በኋላ ያለውን ሁሉ ልጃቸው ብቻዋን ይዛዋለች።